የጥላሁን ድምፅ በይፋት ቆላ

ስለ ጥላሁን ገሠሠ ያልተባለ ነገር የቀረ አይመስለኝም። ልደቱ በመጣ ቁጥር፣ ሙት ዓመቱ በደረሰ ቁጥር ሬዲዮው ሁሉ የእሱ ነው። ድምፁ እንዲህ ነበር፣ መድረክ ላይ እንባው ይቀድመው ነበር፣ እንደሱ ያለ አልተወለደም ይባላል። እኔም እስማማለሁ። ብቻ ወሬው ሁሉ ስለ ዘፋኙ ነው። ያን ሁሉ ዓመት ጆሮውን ሰጥቶ ሲሰማው የኖረው ሰውስ? እሱ ምን ሲሰማ ነበር? ከአድማጮቹ አንዷን እኔ በደንብ አውቃታለሁ። እናቴ ነበረች።

እናቴ ሸዋ ሮቢት ላይ፣ ደሴ መንገድ ዳር፣ የሾፌሮች ምግብ ቤት ነበራት። አገሩን የማታውቁት እንደሆነ፣ ከአዲስ አበባ ተነስታችሁ ደብረ ብርሃንን ስታልፉ ብርዱ አጥንት ይገባል። ጣርማበር ላይ፣ ከሦስት ሺህ ሜትር በላይ፣ ጣሊያን የፈለፈለውን ዋሻ ትገቡና ወዲያ ማዶ ስትወጡ ምድሩ ከእግራችሁ ሥር ይከዳችኋል። ከዚያ ቁልቁለት ነው። ደብረ ሲና ላይ ኮቱ ይወልቃል፣ ሮቢት ስትደርሱ ሸሚዙም ይከብዳል። ከአዲስ አበባ 225 ኪሎ ሜትር ብትርቅ ነው፤ ግን ሌላ አገር ነው። ማሽላ፣ ሎሚ፣ ማንጎ፣ ትንባሆ። አማራው፣ አርጎባው፣ ኦሮሞው፣ አፋሩ ገበያ ላይ የሚገናኝበት። ይፋት ድሮም የመንገድ አገር ነው፤ በመካከለኛው ዘመን ከዘይላ ወደብ የሚነሳው ነጋዴ ወደ ደጋ የሚወጣው በዚሁ ነበር። በልጅነቴ ደግሞ መንገዱ የኤንትሬ ነበር። ሾፌሮቹ ቁልቁለቱን በፍሬን ሲያቃጥሉ ወርደው፣ ሞተሩ እስኪበርድ እናቴ ቤት ይቀመጣሉ። ሁሉም «እቴቴ» ነው የሚሏት። ካሴት ይዘው ይመጣሉ። የቤታችን ቴፕ የተገዛችው ከአንዱ ሾፌር ነው፤ በስንት ወር የምግብ ዕዳ እንደተያዘች አሁን አላስታውስም።

አባቴ ዘፈን አይወድም። አይወድም ማለት ያንሳል፣ ይንቃል። የሚዘፍን ሰው ሁሉ ለእሱ አዝማሪ ነው፣ አዝማሪ ደግሞ ዘሩ አይታወቅም። ጥላሁን በቴፕ ሲጀምር «ያ አዝማሪ መጣ» ይላል። ሁሌም የእናቴ መልስ አንድ ነበር።

«አዝማሪ አይደለም፤ ወታደር ነው።»

በልጅነቴ ይህ ክርክር ያስቀኝ ነበር። ትልቅ ሰው ሆኜ፣ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ፣ ብዙ ካነበብኩ በኋላ ነው እናቴ የኢትዮጵያን ዘመናዊ ሙዚቃ ታሪክ በሁለት ቃል እንደነገረችኝ የገባኝ።

ጥላሁን መስከረም 17 ቀን 1933 ዓ.ም. አዲስ አበባ ተወለደ። በመስቀል ዕለት መሆኑ ነው። ያደገው ግን ወሊሶ፣ አያቱ ዘንድ ነው። ራስ ጎበና ትምህርት ቤት ሲማር ርዕሰ መምህሩ ሱዳናዊ ነበር፤ ልጁ ድምፅ እንዳለው አይቶ ያበረታታዋል። የሀገር ፍቅር ሰዎች ወሊሶ መጥተው ሲጫወቱ ያይና ከዚያ ወዲያ ደብተር አይታየውም። አያትዬው ተማር ይላሉ። ልጁ በእግሩ ጠፍቶ ቱሉ ቦሎ ላይ ይያዛል፣ ይመለሳል። አንድ ሌሊት አድሮ እንደገና ይጠፋል። በዚህኛው ዙር ግን ጭነት መኪና ላይ ተደብቆ አዲስ አበባ ይገባል። የእናቴ ደንበኞች ይህችን ታሪክ ሲወዷት! አንዱ ሾፌር «ያን ቀን የጫነው ሰው ምን እንደጫነ ቢያውቅ ኖሮ!» እያለ በየጊዜው ጭንቅላቱን ይነቀንቅ ነበር።

ከሀገር ፍቅር ወደ ክቡር ዘበኛ ኦርኬስትራ ተሻገረ። ነገሩ እዚህ ላይ ነው። ዛሬ «ወርቃማው ዘመን» የምንለው ሙዚቃ በአብዛኛው የሰፈር ልጅ ጊታር ይዞ የጀመረው አይደለም። የጦር ሰፈር ልጅ ነው። ክቡር ዘበኛ፣ ፖሊስ፣ ምድር ጦር፤ ትልልቆቹ ባንዶች የነሱ ነበሩ። ሳክስፎኑም ትራምፔቱም የመንግሥት ንብረት ነው። ዘፋኙ ደመወዝተኛ ነው፣ መለዮ አለው፣ ሰላምታ ይሰጣል። ዜማ ከሚደርሱለት አንዱ ሳህሌ ደጋጎ ራሱ የጦር ሰው ነው። አርመናዊው ነርሲስ ናልባንዲያን ደግሞ ለየተቋሙ ኦርኬስትራ ሙዚቃ ሲያቀናብር ኖሯል። የአዝማሪን ልጅ ወንበር ይከለክል የነበረ ኅብረተሰብ፣ ዩኒፎርም የለበሰውን ዘፋኝ ተነስቶ ተቀበለው። አባቴን የመሰሉትን ያሸነፋቸው ዜማው ብቻ አይመስለኝም፤ ቁልፉ፣ ቀበቶውና ጫማውም ነው።

ዋጋም ነበረው። የጦር ሰፈሩ የሆነው ሁሉ በዘፋኙም ላይ ይደርሳል። ታኅሣሥ 4 ቀን 1953 ዓ.ም. ጃንሆይ ብራዚል ሳሉ፣ የክቡር ዘበኛው አዛዥ ብርጋዴር ጄኔራል መንግሥቱ ነዋይና ወንድማቸው ግርማሜ መፈንቅለ መንግሥት ሞከሩ። ጥቂት ቀን ነው የቆየው። ምድር ጦርና አየር ኃይል ደመሰሱት። ግርማሜ ሞተው ሬሳቸው ተሰቀለ፣ ጄኔራሉ ደግሞ በመጋቢት በአደባባይ ተሰቀሉ። ክቡር ዘበኛ ተበተነና እንደገና ተዋቀረ። ከተያዙት መካከል ሃያ ዓመት የሆነው ዘፋኝ ጥላሁን ገሠሠም ነበረበት። ታስሮ ከርሞ ተፈታ።

የእናቴ ታናሽ ወንድም ክቡር ዘበኛ ነበር።

ይህን ትንሽ ዘግይቼ የነገርኳችሁ እሷም ለእኔ ዘግይታ ስለነገረችኝ ነው። ከሮቢት በላይ ካለችው ቀበሌ ወጥቶ፣ ቁመናው ታይቶ ተቀጠረ። በዓመት አንዴ ለጥምቀት ይመጣል። በዚያ ዓመት ጥምቀት አልመጣም። በሚቀጥለውም አልመጣም። መርዶ ስላልመጣ ለቅሶ አልተቀመጡም። ደግሞስ እንዴት ይቀመጣሉ? ለአመፀኛ ጦር ወታደር ድንኳን የሚተክል ማን ነው? አያቴ ልጇ በሩቅ አገር እንደታሰረ አምና ሞተች። እናቴ ግን አንድ ቀን ከሬዲዮ «አልቻልኩም» የሚለውን ዘፈን ሰማች።

ስለዚህ ዘፈን ትንሽ ልበል፤ ጥላሁን ከዘፈናቸው ሁሉ ብዙ ያከራከረው ይሄ ስለሆነ። ላይ ላዩን ፍቅር ነው። ሰው ግን እንደ ፍቅር አልሰማውም። በዚያ ዘመን ስለ ሆነው ነገር ነው ተባለ፣ ከታኅሣሡ ግርግርና ከእስሩ ጋር ተያያዘ። እኔ ራሴ ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር በየዓመቱ ሰሌዳ ላይ እጽፈው ነበር። ሰሙ ፍቅር፣ ወርቁ ፖለቲካ፤ ኅብረ ቃሉ የቱ ጋ ነው? ተማሪው ይጽፋል፣ እኔም ደስ ይለኛል፣ ሰዓቱ ያልቃል። አንድ የክረምት ዕረፍት ሮቢት ሄጄ ይህንኑ ለእናቴ በኩራት አስረዳኋት። ሽንኩርት እየከተፈች አዳመጠችኝና፣

«ልጄ፣ ሰምም ወርቅም የለውም» አለችኝ። «አብሮት የታሰረውን ሰው እያሰበ ነው።»

ለእሷ ነገሩ ግልጽ ነበር። ዘፋኙ ክቡር ዘበኛ ነው፤ ወንድሟም ክቡር ዘበኛ ነው። ዘፋኙ ታስሯል፤ ወንድሟም ታስሮ ይሆናል። ስለዚህ ይተዋወቃሉ። ጥላሁን በዘፈነ ቁጥር ከዚያ ቤት የመጣ ሰው ድምፅ እየሰማች ነበር። አዲስ ካሴት በመጣ ጊዜ ሁሉ ሥራዋን አቁማ አንዴ እስከ መጨረሻው የምታዳምጠው ለዚህ ነው። እኔ ሙዚቃ የምትወድ ይመስለኝ ነበር። ለካ ወሬ ነው የምትጠብቀው።

እናቴ ተሳስታ ነበር ልል አልችልም። ጥላሁንን ጥላሁን ያደረገው አንዱ ነገር ይኸው ነው ብዬ አምናለሁ፤ ዘፈኑን ለሰሚው አስረክቦ ይሄዳል። ግጥሙም ዜማውም በአብዛኛው የሌሎች ሰዎች ነው። ሬዲዮኑ የዘፋኙን ስም ጠርቶ ያበቃ ነበርና የነዚያን ሰዎች ስም የሚያውቅ አድማጭ ጥቂት ነው። ይህ ደግሞ እስካሁን ያልተከፈለ ዕዳችን ነው። የእሱ ድርሻ አፉ ላይ ነው። ቃል አይውጥም። የአማርኛ ፊደል የሚጠብቀውንና የሚላላውን አይለይም፤ «አለ» ብለን ስንጽፍ ተናገረ ይሁን በሕይወት ይኖር ከዙሪያው ካልሆነ አይታወቅም። ጥላሁን ሲዘፍን ግን ይታወቃል። የጠበቀውን አጥብቆ፣ የላላውን አላልቶ፣ ትንፋሹን ከቤቱ ማረፊያ ላይ እንጂ ከመሐል ሳይቆርጥ ያወጣዋል። ሮቢት ገበያ ላይ አማርኛን በሁለተኛ፣ በሦስተኛ ቋንቋነት የሚናገር ሰው ሞልቷል። እኔ ከመምህራን ኮሌጅ የወጣ አስተማሪ ሊያስረዳው ያቃተውን ግጥም አንድ የአርጎባ ሸማኔ ከጥላሁን ይዞት፣ ቃል ሳይስት ሲያንጎራጉር ሰምቻለሁ። በኦሮምኛ «አካም ነጉማ ፈያ»ን ሲዘፍን ደግሞ ተራው የኛ ሆነ። የከሚሴ ነጋዴዎች እናቴ ቤት ገብተው ይህችኑ ሲያስደግሙ፣ እኛ ሰላምታውን ከእሷ ተማርን።

እኔም አልቀረሁም። በማሽላ ወቅት ወፍ የመጠበቅ ዕጣ የሕፃናት ነው። ማማ ላይ ወጥተህ፣ ወንጭፍ ይዘህ፣ ከንጋት እስከ ምሽት ትጮኻለህ። እኔ የምጮኸው በጥላሁን ነበር። ወፎቹ ይሸሻሉ፤ የጎረቤት ማሳ ጠባቂ ግን «ደግሞ ያችን በላት!» ይለኛል። ያ ልጅ የእኔ የመጀመሪያ አድናቂ ነው፤ የመጨረሻዬም።

ተጽዕኖ ሲባል ብዙ ጊዜ ማን እሱን መሰለ ብለን እንቆጥራለን። እሱም ቢሆን ቀላል አይደለም። መሐሙድ አሕመድ አሪዞና በሚባለው ክለብ ሠራተኛ ሳለ፣ ጥላሁን የቀረበት አንድ ምሽት ልሞክር ብሎ መድረክ ላይ ወጣ፤ ከዚያ የሆነውን ታውቃላችሁ። በ1961 ዓ.ም. አምሃ እሸቴ የመንግሥትን የሸክላ ማሳተም ብቸኛ መብት ደፍሮ የራሱን አሳታሚ ሲያቋቁም፣ ሸክላ የወጣቶች ንግድ ሆነ። ጥላሁንም በሸክላ፣ ኋላም በካሴት ቀጠለ። ደርግ መጥቶ የሰዓት እላፊው የአዲስ አበባን ሌሊት ሲዘጋው፣ የምሽት ክበቡ ሙዚቃ ወደ ካሴት ተሰደደ። ለኛ ለቆላዎቹ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ይህ ሲሳይ ነበር። ክበብ አልነበረንም፤ ካሴቱ ግን በኤንትሬው ጋቢና መጣልን። ብዙ ዘግይቶ ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ «ኢትዮፒክስ» በሚለው ተከታታይ አሥራ ሰባተኛውን ቅጽ ለጥላሁን ሰጠውና ፈረንጅም ሰማው። ፈረንጅ መስማቱ ጥሩ ነው። እናቴ ግን ቀድማዋለች።

በ1977 ዓ.ም. አሥራ ስድስት ዓመቴ ነው። ከሰሜን የሚመጣው ሰው በዚያው የኤንትሬ መንገድ ላይ በእግሩ ይወርዳል። እናቴ ምግብ ቤቱን ዘግታ፣ የነበረውን እህል ንፍሮ አድርጋ በር ላይ ትሰጥ ነበር። ጥላሁን ስለ ረሃብ የዘፈነው «ዋይ ዋይ ሲሉ» ቴፕ ላይ ነበረ። አንድ ሾፌር ሊከፍተው ሲል እናቴ እጁን ያዘችው። «ውጪ ያለውን ስማ፤ እሱ ይበቃል» አለችው። ያኔ ነው ቴፑ ለብዙ ጊዜ ዝም ያለው።

ከጥቂት ዓመት በኋላ ስድስት ኪሎ ገባሁ። ስሸኝ እናቴ ሦስት ነገር ሰጠችኝ፤ ዳቦ ቆሎ፣ ሃምሳ ብርና አንድ መልእክት።

«አዲስ አበባ ነው ያለው አሉ። ፈልገህ ጠይቅልኝ። ወንድሜን ያውቀዋል። ይኑር ይሙት ይንገርህ።»

አፈርኩ። ሌላ ቃል የለውም። የተማረ ልጅ ነኝ፤ ክቡር ዘበኛ በሺህ የሚቆጠር ሰው እንደነበረው አውቃለሁ። ሄጄ «ጋሼ፣ አጎቴን ያውቁታል?» ልበል? አንድ ምሽት ብሔራዊ ቴአትር ከላይ ወንበር ይዤ አየሁት። ሰው ሁሉ ቆሞ ነበር፣ እኔም ቆምኩ። ሲያበቃ በጓሮ በር በኩል ሲወጣ ከአሥር እርምጃ አይርቀኝም። ሰዉ ይነካዋል፣ እጁን ይስመዋል፣ እሱም ለያንዳንዱ አንገቱን ዝቅ ያደርጋል። አልጠየቅሁትም። ለፋሲካ ወደ ቤት ስሄድ እናቴ በር ላይ ነበረች።

«አገኘኸው?»

«አልተመቸም እማዬ።»

ይቺን መልስ ስንት ዓመት ሰጠኋት! አስተማሪ ሆኜም፣ አግብቼም፣ ወልጄም «አልተመቸም»። በ1985 ዓ.ም. አንገቱ ላይ በስለት ከባድ ጉዳት ደርሶበት ከሞት ሲተርፍ እናቴ ለአቡነ ተክለ ሃይማኖት ስለት ተሳለች። ስኳር በሽታው ጸንቶ አንድ እግሩን ሲያጣ «አሁንማ ቤቱ ነው የሚውለው፤ ታገኘዋለህ» አለችኝ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የክብር ዶክትሬት የሰጠው ጊዜ ደግሞ «ያንተ ቤት ድረስ መጥቶልህ!» ብላ ተቆጣችኝ። እውነቷን ነው።

ሚያዝያ 11 ቀን 2001 ዓ.ም. ፋሲካ ነበር። ሮቢት ነበርኩ። ጥላሁን በዚያው ቀን ሌሊት አረፈ፤ ወሬው እኛ ጋ የደረሰው ሰኞ ነው። ጎረቤት ሮጣ ገብታ ስትነግረን እናቴ ቡና እየቆላች ነበር። ምጣዱን አወረደች። ጎረቤቲቱን አላየቻትም፤ ያየችው እኔን ነው።

«እንግዲህ ማንን ትጠይቅልኛለህ?»

መልስ አልነበረኝም፤ ዛሬም የለኝም።

የቀብሩ ዕለት በመንግሥት ሥርዓት ሥላሴ ካቴድራል ሲሸኝ ቴሌቪዥኑ ያስተላልፍ ነበር። ያለፈው ዓመት ደንበኛ፣ ያሁኑ ደንበኛ፣ ሾፌር፣ ረዳት፣ የትንባሆ እርሻው ሠራተኛ፣ የሰፈሩ ሴቶች ሁሉ ቤታችንን ሞልተውታል። እናቴ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለብሳ ገባች፣ መሬት ላይ ተቀመጠች፣ ጀመረችም። ደረቷን እየመታች፣ በይፋት ለቅሶ ግጥም እየደረደረች አለቀሰች። ቁመናውን አነሳች፣ ለጥምቀት ሲመጣ የሚለብሰውን ካኪ አነሳች፣ እናቱ በር በሩን ስታይ መሞቷን ነገረችው። ስሙን ጠራችው። ከታኅሣሥ 1953 ወዲህ፣ አርባ ስምንት ዓመት ሙሉ፣ ያንን ስም ሰው ፊት ጮክ ብላ ስትጠራው ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው።

ቴሌቪዥኑ ጮኾ ስለነበር ስሙን ከእኔ በቀር የሰማ አልነበረም። አጠገቤ የተቀመጠ አንድ ወጣት ሾፌር እንባውን እየጠረገ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለና፣ «ጋሼ፣ እቴቴ ለካ ጥላሁንን እንዲህ ነው የምትወደው!» አለኝ።

«አዎ» አልኩት።